የሚያደርሰን ባትሪ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለማትረሺን ልጃችን፦

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ፣ ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ የቀረው አካሌ ገና አላመፀም። የምትገቢበት በር ሁሉ ይከፈትልሽ፣ የምትወጪበትም በሰላም ይሸኝሽ።

ይህን የምጽፍልሽ ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሥራ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ዝናብ ስለሆነ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ፀጉሩ እንዲያድግ ፈቅዶለታል። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እስክሪብቶ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ እሱም እንደኔ ከየት ልጀምር ብሎ የተጨነቀ ይመስላል።

ነገሩ የአክስትሽ መኪና ነው። ያ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ሰማያዊ የስፖርት መኪናዋ። ዛሬም አለ፣ ዛሬም ቀለሙ ያበራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁለታችን እንገባበታለን፤ እሷ መሪው ጋ፣ እኔ ጎኗ። ታውቂኝ የለ፣ ከመቀስና ከምላጭ በቀር መሪ የሚባል ነገር ጨብጬ አላውቅም። ይህች ጉዞ ለአክስትሽ ከሐኪሙ ክኒን ትበልጥባታለች። መሪውን ስትይዝ ፊቷ ይፈታል፣ ታወራለች፣ ትስቃለች።

ችግሩ ባትሪው ነው። ሳንደርስ ይሞትብናል። መጀመሪያ መብራቱ ይደክማል፣ ቀጥሎ ሬዲዮው እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ያጉተመትማል፣ ከዚያ ጸጥ። አክስትሽ የጀመረችውን መንገድ ሳትጨርስ መውረድ ይኖርባታል። የሚጎዳት እሱ ነው። ያን ቀን እስክትተኛ ድረስ እንባዋ አይደርቅም፣ እኔም የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። አንዲት ቀን እንኳ መንገዷን ጨርሳ፣ ደርሳ ብትወርድልኝ ሌላ የምመኘው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ባትሪ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ አሲዱ ይለዋል። ሱሪውን አሲድ በልቶበት ሁሉ ነገሩ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፤ በሩ ላይ ሲቆም ብርሃኑ በጉልበቱ በኩል ያልፋል። ሦስት ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው ውሃ እየተጨመረበት የሚኖረው የድሮው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ድፍን ያለ፣ ክዳኑ የማይከፈት፣ ደረቅ ባትሪ የሚሉት። ሦስተኛው ሊቲየም ነው፤ በሁለት ጣት የሚነሳ፣ የእሽቅድድም ሰዎች የሚወዱት። የትኛው ይሻላል ብዬ ብጠይቀው "እንደ መኪናው ጠባይ ነው" ብሎ ስለ ሦስቱም እኩል ማለልኝ። አንቺ ከባትሪ ጋር ውለሽ ከባትሪ ጋር የምታመሺ ልጅ ነሽና እስቲ ምረጪልን።

ደህና ሁኚልን።
የአክስትሽ ባል


ጥቅምት 21

ይድረስ ለውድ ጋሼ፦

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ከብርዱ ጋርም ሰላም ሳንባባል መተላለፍ ለምደናል። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት አሸተትኩት። የፀጉር ቤቱ ሽቶ መጣልኝ ብል ያምኑኛል? እጅዎ አይዛል፣ ቤታችሁ ጤና አይጣ።

ስለ ባትሪ ስለጠየቁኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። እዚህ ሰው ሥራሽ ምንድነው ይለኝና መልሱን ሳልጨርስ ወሬ ይቀይራል። የምሠራው የፋብሪካው መፈተሻ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ረጃጅም መደርደሪያዎች፣ በላያቸው ባትሪዎች፣ ከእያንዳንዱ አናት ላይ አንዲት ትንሽ መብራት። አንዱን እናሞቃለን፣ አንዱን እናቀዘቅዛለን፣ ሌላውን ጠዋት ሞልተን ቀስ እያልን እናደርቀዋለን። መብራቶቹ በየተራ ሲጠፉና ሲበሩ እያየሁ ቁጭ ስል ሰዓቱም አገሩም ይጠፋብኛል። አንዳንድ ቀን እናንተ ሳሎን፣ መጋረጃው ሥር ያለው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። የውሃውን ባትሪ ይርሱት። የብዙ መኪና ባትሪ ከፊት፣ ከሞተሩ ጎን ነው፤ የአክስቴ ግን ክብደቱ እንዲመጣጠን ተብሎ ከወንበሮቹ ጀርባ ነው የተቀመጠው። እንግዲህ ባትሪው ሦስተኛው ተሳፋሪ ነው ማለት ነው። የውሃ ባትሪ ደግሞ ይተነፍሳል፣ ሲንገጫገጭም ይተፋል። ትንፋሹ ለሳንባ አይሆን፣ የተፋውም ወለል ይበላል።

ደረቁ ጨዋ ነው። አይተፋም፣ አይሸትም፣ በጎኑ ቢያጋድሙትም አይቀየምም። ግን ከባድ ነው። ሊቲየሙ ግን፣ ጋሼ፣ ሊቲየሙ ሌላ ነው። ቀላል፣ ቀልጣፋ፣ ገና ሲነኩት የሚነሳ። አክስቴ ክብደት እንዴት እንደምትጠላ ያውቁታል። ለመኪና ውድድር ስትሄድ ተጠባባቂ ጎማውን ታወርዳለች፣ ምንጣፉን ታወርዳለች፤ አንድ ጊዜማ የእርስዎን ካፖርት አጥር ላይ ሰቅላው ሄዳለች። እኔን መንዳት ስታስተምረኝ እንኳ "ኪስሽን አራግፊ" ትለኝ ነበር። አንቱ ያልኳት ቀን መኪናውን ዳር አቁማ ሁለተኛ እንዲህ ካልሽኝ በእግርሽ ትሄጃለሽ ስላለችኝ፣ ይኸው እርስዎን አንቱ እያልኩ እሷን አንቺ እላለሁ። ምርጫው የኔ ቢሆን ሊቲየሙን እገዛላት ነበር። እሷም ብትጠየቅ ከሱ ሌላ አትመርጥም።

እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ። ዛሬም የምትነዳው ራሷ ናት? የምትሄዱትስ ምን ያህል ይርቃል? የፍሪሲዮን ተማሪሽ ሰላም ትልሻለች ይበሉልኝ። ምን እንዳለችም ቃል በቃል ይጻፉልኝ።

ሰላሙን ያብዛላችሁ።
ልጅዎ


ኅዳር 27

ይድረስ ለልጃችን፦

እንደምን ከረምሽ? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን። ያለሽበት ይሙቅልሽ፣ የያዝሽው ይቅናሽ።

መዘግየቴን ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልሸፋፍነው አስቤ ነበር፤ ግን የደንበኞቼ ፀጉር እያደር እንደሚሳሳ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጽፍ እቀመጥና ቃሉ አልመጣ ሲለኝ እነሳለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። መሪው ከእጇ አልወጣም። ርቀቱ እንደ ቀኑ ነው፤ አንዳንዴ ሩቅ፣ አንዳንዴ በጣም ሩቅ። ሰላምታሽን ነገርኳት። ፈገግ አለች።

ሊቲየሙን ገዛሁ። በአንድ እጄ እሱን፣ በሌላው ጃንጥላ ይዤ በእግሬ ስመጣ ጎረቤት የምሳ ዕቃ መስሎት "ጋሼ፣ ቢሮ ገቡ እንዴ?" አለኝ። አሲዱ መጥቶ ገጠመልን። አክስትሽ ቁልፉን ስታዞር ዳሽቦርዱ ቦግ አለ። አረንጓዴው በራ፣ ብርቱካኑ በራ፣ መርፌዎቹ ተነስተው ተንቀጠቀጡ። እንዲህ ደምቀው አይቼአቸው አላውቅም። እሷም ሻርፗን አላልታ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ያዝ" አለችኝ፤ ሁልጊዜ ከመጠምዘዣ በፊት እንደምትለኝ። ያዝኩ። በቀኝ የጥድ ረድፍ ነው፣ በግራ ውሃ ነው እያለች ነገረችኝ። ውሃው ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየች። እኔ ሳላየው አለፈን። ሁልጊዜም የሚያልፈኝ ነገር አላጣም።

ከዚያ ጠፋ። እንደ አሮጌው አልደከመ፣ አላንቀላፋ፣ አላስጠነቀቀ። ቦግ እንዳለ ድርግም። አሮጌው ሲሞት ቀስ እያለ ስለነበር አክስትሽም ቀስ ብላ ዳር ትይዝ ነበር። ይኼ ግን መጠምዘዣው መሃል ላይ ጣላት። ጮኸች። እጇን ልይዛት ስል ሸሸችኝና ማነህ አለችኝ። ስሜን ነገርኳት። አልጠቀመም።

ድንጋጤ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እንዳትዪ። ባትሪው ጎበዝ ነው፤ ያልተስማማነው እኛ ነን። ከሱ የሚበረታ፣ ሳንደርስ የማይተወን ሌላ ዓይነት ካለ ላኪልኝ፤ መላክ ካልተቻለ ስሙን ብቻ ጻፊልኝና አሲዱ ከየትም ይፈልገው።

በይ ደህና ዋይልኝ።
የአክስትሽ ባል


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለውድ ጋሼ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ባነበብኩበት ቀን ነው የምጽፈው፤ ሰላምታው ቢያጥር ናፍቆቱ እንዳጠረ አይቁጠሩብኝ።

የጻፉልኝ ነገር ዕረፍት ነሳኝ። መኪና ሲሄድ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላዋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ እየጎደለ አይሄድም፤ ዲናሞ ቢበላሽ እንኳ ሰው ያንን አንድ ቀን ያያል፣ ያሠራዋል፣ ይረሳዋል። እናንተ ዘንድ ግን በየቀኑ ነው።

ዛሬ ሥራ ቦታ የእናንተን ዓይነት ሊቲየም ከመደርደሪያ አወረድኩ። የፊት መብራት፣ ሬዲዮ፣ ማራገቢያና የዝናብ መጥረጊያ የሚጠጡትን ያህል እንዲጠጡት አደረግሁና ምንም ሳልሞላው ፊቱ ተቀመጥኩ። የክፍል አለቃዬ መጥቶ ምን እየጠበቅሽ ነው አለኝ። መኪና ውስጥ ነኝ አልኩት። ሳቀ። ባትሪው እስከ መጨረሻው ደምቆ ቆየና፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት፣ ድርግም አለ። ጠባዩ ነው፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ ራሱን ከጉዳት ለማዳን ራሱን ይዘጋል። የሚያስለቅሰው ግን ሌላ ነው። እንዲህ የሚሆነው ማንም የማይሞላው ባትሪ ነው።

ደግሞ ፈገግ አለች ብለው አለፉኝ። አክስቴ ሰው ሰላም ብሏት በፈገግታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ወይ ትሳደባለች ወይ ትመርቃለች።

ጋሼ፣ ልጠይቅዎና አይቀየሙኝ። ሞተሩ ይነሳል?

መልስዎን እጠብቃለሁ።
ልጅዎ


የካቲት 3

ይድረስ ለልጄ፦

ጤናሽ ይብዛ። ብዙ ቀን ዝም አልኩሽ። ተቀይሜ አይደለም። ጥያቄሽ አጭር ነበረች፤ መልሷም አጭር ናት፤ በሁለቱ መሃል ያለው ነው ጊዜ የወሰደብኝ።

ሞተሩ አይነሳም። እንዳይነሳ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከእንግዲህ እንዳትነዳ ያለ ጊዜ መካኒክ ጠርቼ ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚሄደውን ሽቦ አስነቀልኩት። ቁልፉን ብደብቅባት ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች፤ ሞተሩ እንዲነሳ ብተውላት ደግሞ የተዘጋው ጋራዥ በጭስ ይገድለናል፣ ወይም በሩን ገንጥላ ትወጣለች። አክስትሽን ታውቂያታለሽ። መኪናው እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው። አንድ ጎማ አልዞረም። የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ መሪው ከእጇ አልወጣም፣ በየቀኑም እንሄዳለን። መኪናው ብቻ ነው የማይሄደው።

ሕመሟ ከምነግርሽ በላይ ገፍቷል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ትነሳና ቦርሳዋን ትይዛለች። "ቤቴ ልሂድ" ትላለች። ቤትሽ ነው እላታለሁ። በትህትና ታዳምጠኝና ደህና ዋሉ ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ እከራከራት ነበር። ፎቶ አሳያት ነበር፣ ራሷ የመረጠችውን መጋረጃ አስነካት ነበር። ልጄ፣ የሰው ቤት ውስጥ ተይዛ እንደቀረች ሴት ነበር የምታለቅሰው። በታክሲ ይዣት ሰፈሩን ዞሬ ተመለስኩ። በራችን ላይ ስንወርድ ይህ የማን ቤት ነው አለችኝ። ሌላ ሰው ነድቶ እቤቷ ሊያደርሳት አይችልም። ዱሮም በሰው መኪና ተሳፍራ ስትሄድ እግሯ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ የምትውል ሴት ናት።

አንድ ቀን ከእጄ አምልጣ ጋራዡ ገባች። ስደርስ መሪውን ይዛ፣ መብራቱን አብርታ ተቀምጣለች። ና ግባ፣ ወደ ቤት ነኝ፣ መንገድህ ከሆነ ላድርስህ አለችኝ። ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው። ከግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልኩ፤ የፊት መብራቱ ሲያርፍበት ወለል ብሎ እንደ ሰማይ ይሆናል። ማራገቢያው ሻርፗን ያነሳዋል። ከመግባቷ በፊት የፊት መስታወቱን በአትክልት ማጠጫ አርሰዋለሁ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሥራ እንዲያገኝ። አንድ ጊዜ ደርቆ ልጨምርበት በሩን ልከፍት ስል በዚህ ፍጥነት የሚወርድ ምን ያለ ቂል ነው ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ወዲህ የረጨሁትን ያህል ዝናብ ዘንቦ ያባራል። መንገዱን የምታየው እሷ ናት። እሷ የምትነግረኝን እየሰማሁ ቆይቼ እኔም ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሸለቆ ነበር፣ ታች መብራት የበራበት ከተማ። አንድ ቀን በባቡር ጎን ሄድን፤ በየመስኮቱ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ተኝተው ነበር አለችኝ፣ እኔም ድምፄን ቀነስኩ። ሞኝ ነው እንዳትዪኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ አሁኑ አገር አይቼ አላውቅም።

ሁልጊዜ ልንደርስ ስንል ባትሪው ይሞታል። አሁን ታጥፈን አንድ መንገድ ነው የሚቀረን ትላለች፤ በዚያች ሰዓት ይጨልማል። መንገድ ላይ ቀረሁ ብላ ታለቅሳለች። በማግሥቱ ሁሉንም ረስታ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ባትሪ መሙያውን ከግድግዳ ሶኬት አምጥቼ እዚያው እያለን ልሰካው ሞክሬ ነበር። ሽቦውን አየችው። የታሰረ መኪና አልነዳም ብላ ወረደች።

ስላንቺ የጠየቅሽኝን አሁን በቃልሽ መሠረት ቃል በቃል ልጻፍልሽ። ቤት ውስጥ ሰላም ትልሻለች ብላት ማን እንደሆንሽ አታውቅም። ፈገግታዋ ለማታውቀው ሰው የምትሰጠው ነው። ይህን መጻፍ ነበር ያቃተኝ። መኪና ውስጥ ግን ሳልጠይቃት ራሷ ታነሳሻለች። "አንዲት ልጅ አስተምር ነበር" ትላለች። "ፍሪሲዮን የምትረግጠው ድመት እንዳትነቃባት የፈራች ይመስል ነበር። ግን እጇ ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን እኔንም ታደርሰኛለች።" ይህን ስትል ሰምቻታለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላስተካክለው። ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ አልፈልግም። የሚያደርሰን የትኛው ነው?

የአክስትሽ ባል


የካቲት 16

ይድረስ ለውድ ጋሼ፦

ጤናዎን ያብዛልኝ። ለአንዲት ቀን እንኳ ከጎኗ ያልወረዱትን እርስዎን ፈጣሪ በምን ቋንቋ እንደሚመርቅልኝ አላውቅም፤ የኔ አልበቃኝም።

ደብዳቤዎን መደርደሪያዎቹ መሃል ቆሜ አነበብኩት። አለቀስኩ። አለቃዬ ዐይኔን አሲድ የነካው መስሎት ውሃ ይዞ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራ የገባሁት ለእናንተ ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

ተሳስቼ ነበር። የጠየቁኝ ስለ ተሳፋሪ፣ የመለስኩት ስለ መኪና። የስፖርት መኪና ሲሉኝ ጊዜ ፍጥነት ብቻ ታየኝ። ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚጮህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይመግበዋል። ሊቲየማችሁ ደግሞ ከጮኸ በኋላ ጎተራው ትንሽ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉር ነው። መፈተሻ ክፍላችን ጥግ ላይ እንዲህ ያሉ አሉ፤ ማንም ጎብኚ አይቶአቸው አያውቅም። ለጀልባ፣ ለሕሙማን ተሽከርካሪ ወንበር የሚሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ያለው የእርሳስ ዝርግ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። ስለዚህ ደረቁን ይግዙ፣ ግን አሲዱ መጀመሪያ ያሳየዎትን ደረቅ አይደለም። የጀልባ ደረቅ ባትሪ፣ ካለው ሁሉ ትልቁን ይበሉት። እሱም መጨረሻው ላይ ይደክማል እንጂ ድርግም አይልም። ምናልባት አሲዱ በስፖርት መኪና ላይ የጀልባ ባትሪ ብሎ ይስቅብዎት ይሆናል። ይሳቅ።

ከወንበሮቹ ጀርባ ካልገባ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርጎ ወፍራም ሽቦ ይሳብለት። እንዳይንቀሳቀስ በቀበቶ ይሰረው። የፊት መብራቱን አምፖል ብዙ በማይጠጣው ዓይነት ያስቀይሩት፣ ግን ቢጫውን ይምረጡ፤ ነጩን ካየች መኪናዬ አይደለም ትላለች። እሷ ከወረደች በኋላ ባትሪ መሙያውን ሰክተው ረጅም ጊዜ ይተዉት፣ ይህ ባትሪ ሲበላም ቀስ ብሎ ነው። ክብደቱን ደግሞ እንዳይነግሯት። በሁለት ሰው ነው የሚነሳው፤ ካወቀች ወይ እሱን ወይ እርስዎን ታወርዳለች።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የሚሰጡኝ ለግንቦት ነው። ቤት ውስጥ ባታውቀኝ አይከፋኝም ማለት አልችልም፤ ይከፋኛል። ግን መኪናው ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ቢያስገቡኝ ደስ ይለኛል። ፍሪሲዮን አልነካም።

የሚያደርሳችሁ ያድርግላችሁ።
ልጅዎ


መጋቢት 14

ይድረስ ለልጄ፦

ምርቃቱን ዛሬ አስቀድሜዋለሁ፤ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር ስለምጽፍበት። የልብሽን ይስጥሽ፣ የሄድሽበት አገር የገዛ ቤትሽ ይሁንልሽ፣ ወዳጅሽ ከጎንሽ አይጥፋ።

አሲዱ አልሳቀም። እንዲያውም የጀልባውን ባትሪ ለመፈለግ ብዙ ለፋ። አግኝቶት ከወንድሙ ጋር ተሸክመው ሲገቡ አክስትሽ በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ምን እንደሆነ ጠየቀች። የቤት ዕቃ ነው አልኳት። ለማን ብላ ጠየቀች። ቤቱን አዲስ ለሚገቡበት ሰዎች አልኳት። መልካም ሰዎች ይሁኑ አለች። ከወንበሮቹ ጀርባ አልገባም፤ አንቺ እንዳልሽው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስረነው ሽቦ ተሳበለት። አምፖሉ ቢጫ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳልጽፍልሽ አሳለፍኳቸው፣ በአፌ እንዳላሟርትበት ብዬ። ባትሪው አልሞተም። ግን እሷ ደክሟት ትወርድ ነበር፣ ወይም መንገዱ አይደለም ብላ ትዞር ነበር። እኔም ምናልባት የሚያደርስ ነገር ከነጭራሹ የለም፣ የጎደለን ባትሪ ብቻ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ ማለት ጀምሬ ነበር።

ትናንት ግን ሄድን። ረጅም ነበር፤ እንዲህ ረጅም ሄደን አናውቅም። የጥዱን ረድፍ አለፍን፣ ውሃውን አለፍን፣ ባቡሩን ከኋላችን ተውነው። ዳሽቦርዱ ደምቆ ነው ያለው። አንድ ጊዜ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፤ ስነቃ እሷ በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላውን መስኮቱ ላይ አሳርፋ፣ ያለ ምንም ችኮላ ትነዳለች። የት ደረስን አልኳት። ልንደርስ ነው አለችኝ። እጄ ሳላዝዘው የወንበሩን ጠርዝ ያዘ፤ ሁልጊዜ የሚጨልመው እዚያ ላይ ነዋ። አልጨለመም። ታጠፈች። ማርሽ ቀነሰች፣ ፍሬን ያዘች። ከዚያ ቁልፉን ራሷ አጠፋችው።

ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያ መኪና በእሷ እጅ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ወርዳ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ከፈተች፣ እኔም ተከተልኳት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። እሷ ሳሎኑ መሃል ቆመች። መብራቱን ያለ ፍለጋ አገኘችው። መጋረጃውን ነካች፣ የወንበሩን ጀርባ ነካች፣ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ዳበሰች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። "ቤቴ" አለች። "ናፍቆኝ ነበር እኮ።" ቦርሳዋን አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። እኔ ስሜን እስክትጠራ ድረስ እየጠበቅሁ ቆሜያለሁ።

ዞራ አየችኝ። ረጅም መንገድ አብሯት የመጣን ጨዋ ሰው እንደሚያዩት ነው ያየችኝ።

"አንተስ፣ ቤትህ ሩቅ ነው?"

"አይ፣ እዚሁ ነው" አልኳት።

እዚያ በሩ ላይ ቆሜ መቅረቴ ደስ እንዳላላት አየሁባት።

"እንግዲያው ግባ" አለችኝ።

ገባሁ።